እውነት ወይስ ተረት? «አናቱ ላይ ቆሜያለሁ» ያሉ ሰዎች

ተራራ መውጣት ዳኛ የሌለው ስፖርት ነው። ሯጩን የሚጠብቅ ሰዓት ያዥ አለ፣ ኳስ ተጫዋቹን የሚያስቆም ፊሽካ አለ፤ ስምንት ሺህ ሜትር ላይ ግን ከነፋስ በቀር ምስክር የለም። ሰውየው ይወርድና «ወጣሁት» ይላል። ሰሚው ወይ ያምነዋል ወይ ይጠራጠረዋል። በዚህ የተነሣ ከመቶ ዓመት በላይ ያልበረዱ ክርክሮች አሉ፤ በየክርክሩ ዙሪያም ሰው ሳይመረምር የሚቀባበላቸው እምነቶች ተከማችተዋል። ከሁሉ የተለመደው ጥያቄ «ፎቶ አለው ወይ?» የሚለው ነው። የእነዚህን ክርክሮች ታሪክ ከሥር ከሥር የተከታተለ ሰው ግን አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም፦ ነገሩ የተቆረጠው በአብዛኛው ሰውየው ስለ መንገዱ በተናገረው ነው። አናቱን ማንም ሊስለው ይችላል፤ መንገዱን ለመንገር መሄድ ይጠይቃል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

«ፎቶ ካለ ክርክር የለም»

ተረት ነው። የዚህ ስፖርት ትልቁ ቅጥፈት የተነገረውም በፎቶ ነው።

ፍሬደሪክ ኩክ አሜሪካዊ ሐኪምና አሳሽ ነበር። በ1906 ቡድን ይዞ ወደ አላስካ ሄደ። ያለመው ዴናሊ በመባል የሚታወቀውን፣ 6,190 ሜትር የሚደርሰውን የሰሜን አሜሪካ ረጅሙን ተራራ ለመውጣት ነበር። ቡድኑ በጋውን ሙሉ ደክሞ ምንም ሳያገኝ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ኩክ ኤድ ባሪል የሚባል የጭነት ፈረሶች ጠባቂ አስከትሎ እንደገና ወደ ተራራው አቀና፤ ብዙም ሳይቆይ «ወጣሁት» የሚል ዜና ተሰማ። በ1908 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ባሪል ባንዲራ ይዞ በአንድ ሹል ዓለት አናት ላይ ቆሞ ይታያል። ሕዝቡ ፎቶውን አየ፣ አመነ፣ አጨበጨበ።

ካላመኑት መካከል ቤልሞር ብራውንና ሄርሼል ፓርከር ነበሩ። ሁለቱ በዚያው በጋ ከኩክ ጋር አብረው የለፉ ናቸው፤ በቀረው ጥቂት ጊዜ ያንን ሁሉ በረዶ አቋርጦ፣ ወጥቶ መመለስ እንደማይሆን በገዛ እግራቸው ያውቁታል። በ1909 ባሪል ራሱ «አልወጣንም» ብሎ ማለ። የኩክ ደጋፊዎች ግን «ተቀናቃኞቹ ገንዘብ ሰጥተውት ነው» አሉና ምስክርነቱ ዋጋ አጣ። ስለዚህ ብራውንና ፓርከር በ1910 መጽሐፉን ይዘው ተነሡ፤ የኩክን ፎቶዎች እየተከተሉ ሄዱ። ያ ዝነኛ «አናት» ከእውነተኛው ጫፍ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ1,600 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ዓለት ሆኖ ተገኘ። እዚያው ቆመው ያንኑ ፎቶ አነሡ። ቦታው ዛሬም ስሙ «ሐሰተኛው ጫፍ» ነው።

የኩክን መጽሐፍ የመረመሩ ሰዎች የያዙበት ሌላም ነገር አለ። ትረካው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ዝርዝር ነው፤ ሸለቆው፣ ወንዙ፣ የበረዶ ግግሩ በየስሙና በየመታጠፊያው ይጠራል። ከዚያ ቦታ በኋላ ቃላቱ ያምራሉ እንጂ ተራራው ይጠፋል። የጠፋበት ቦታ ኩክ በእርግጥ ከደረሰበት ብዙም አይርቅም። ይኸው ሰው በ1908 የሰሜን ዋልታን ረገጥሁ ብሎም ዓለምን አናግቷል፤ ያን ጉድ ለሌላ ቀን እንተወው።

በዘመናችንም ነገሩ አልቀረም፤ ዓለት ፍለጋ መሄድ ግን ቀርቷል። በ2016 ሁለት ሕንዳውያን ፖሊሶች፣ ባልና ሚስት፣ ኤቨረስትን ወጥተናል ብለው ፎቶ አቀረቡ፤ ኔፓልም ሰርተፍኬት ሰጠቻቸው። ፎቶው የሌላ ተራራ ወጪ ነበር፤ የእነሱ ፊትና ባንዲራ በኮምፒውተር ተለጥፎበታል። ባለቤቱ የራሱን ምስል ማወቁ አልቀረም። ሰርተፍኬቱ ተሰረዘ፣ ባልና ሚስቱም ለአሥር ዓመት በኔፓል ተራሮች ዝር እንዳይሉ ታገዱ።

«ፎቶ የሌለው ዋሽቷል»

ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ተረት ነው፤ ንጹሐንን ይጎዳልና።

በቀላሉ እንጀምር። ኤድመንድ ሂላሪ በኤቨረስት አናት ላይ የተነሣው አንድም ፎቶ የለም። ግንቦት 29 ቀን 1953 የተነሣው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ምስል የቴንዚንግ ኖርጌይ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ሂላሪ ነበር። ቴንዚንግ እንደሚተርከው «አንተንም ላንሳህ» የሚል ምልክት ቢያሳየው ሂላሪ ራሱን ነቀነቀ። ይልቅስ ሂላሪ የሠራው ብልህ ሥራ ሌላ ነው፦ ከአናቱ ላይ ሆኖ ወደየአቅጣጫው የሚወርዱትን ሸንተረሮች አንድ በአንድ አነሣ። እዚያ ካልተቆመ ሊነሡ የማይችሉ ምስሎች ናቸው። ማስረጃው ከፊቱ ይልቅ ከእግሩ በታች ያለው እንደሆነ ገብቶት ነበር።

በዚያው ልክ «ማን ቀደመ?» የሚለው ጭቅጭቅ ለሁለት ዓመት ያህል ኔፓልንና ሕንድን ሲያምስ ቆየ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ ደረስን ብለው ፈረሙ። በ1955 ቴንዚንግ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሂላሪ ጥቂት ቀድሞ እንደረገጠ በግልጽ ተናገረ፤ አንድ ገመድ ላይ ለታሰሩ ሰዎች ጥያቄው ትርጉም እንደሌለውም አስረዳ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም፤ ግን እኛ እንለፈው።

ወደ ዴናሊ እንመለስ፤ የእኔ ምርጥ ታሪክ እዚያ ነውና። የኩክን ወሬ የሰሙ የአላስካ ወርቅ ፈላጊዎች በአንድ መጠጥ ቤት ተከራከሩ፤ «እኛስ ምን አንሶን?» አሉ፤ ተወራረዱ። በ1910 አራት ሆነው ሄዱ። ተራራ የመውጣት ሥልጠና የሚባል ነገር አያውቁም፤ ብርድና ድካምን ግን ያውቃሉ። በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ ሁለቱ፣ ቢሊ ቴይለርና ፒት አንደርሰን፣ ዶናትና ትኩስ ቸኮሌት ይዘው ከመጨረሻው ሰፈራቸው ተነሡ። በትከሻቸው ደግሞ አራት ሜትር የሚያህል የጥድ ግንድ አለ፤ ባንዲራ ሰቅለውበት የከተማው ሰው በመነጽር እንዲያየው ነው። በ18 ሰዓት ደርሶ መልስ ከተራራው ሁለት ጫፎች አንዱን፣ ዝቅ የሚለውን የሰሜኑን ጫፍ ወጡ፤ ግንዱንም እዚያው አቆሙ። ዛሬ ልምድ ያለው ሰው ያንን ከፍታ ቀናት ከፋፍሎ ነው የሚወጣው።

ታሪኩን ያበላሸው መሪያቸው ቶም ሎይድ ነው። ሎይድ ከታች ቀርቶ ሳለ ከተማ ሲገባ «አራታችንም፣ ሁለቱንም ጫፍ» አለ። ምሰሶው ከከተማ ሆኖ የማይታይ ሆነ፤ ከላይ የተነሣ ፎቶም የለም፤ ውሸቱ ሲጋለጥ እውነቱም አብሮ ተጣለ። በ1912 ወደ ዋናው ጫፍ እጅግ የተጠጉት እነ ብራውን ምሰሶ የሚባል ነገር አላየንም ሲሉ ደግሞ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ተጨመረበት።

በ1913 ሁድሰን ስተክ የሚባል ካህን የመራው ቡድን ዋናውን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። በእግሩ የቀደመው እናቱ የአላስካ ተወላጅ የሆነችው ወጣቱ ዋልተር ሃርፐር ነበር። ሲወጡ ሃርፐር ወደ ሰሜኑ ጫፍ ዓይኑን ጣል አደረገና ጮኸ። መነጽሩን ተቀባበሉ፤ ሁሉም አዩ። ከሦስት ዓመት ማዕበል በኋላ ግንዱ ሰማይን ተደግፎ ቆሟል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ሃርፐር ዓይኑን ባይጥል ኖሮ ግን ሁለቱ ወርቅ ፈላጊዎች ውሸታም ተብለው ይቀሩ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከባዱ ነው። በግንቦት 1960 ሦስት ሰዎች፣ ዋንግ ፉጁ፣ ኩ ዪንሁዋና ቲቤታዊው ጎንቡ፣ ኤቨረስትን በሰሜን በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ እንደወጡ ቻይና አስታወቀች። የደረሱት ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በጨለማ ነው፤ ስለዚህ የአናት ፎቶ የለም። የመግለጫው ቋንቋ ደግሞ በፓርቲና በሊቀመንበር ማኦ ውዳሴ የታጨቀ ነበር። የምዕራቡ ዓለም ተራራ ወጪዎች ሳቁበት። ለብዙ ዓመታት የ1960ውን ሙከራ ሲጠቅሱ «ይባላል» የምትል ቃል አይለዩትም ነበር።

ሆኖም መንገዱን የሚያውቅ ሰው ውዳሴውን ገፎ ቢያነብ ሌላ ነገር ያገኛል። ከ8,600 ሜትር አካባቢ «ሁለተኛው እርከን» የሚባል ቀጥ ያለ ዓለት አለ። ሰዎቹ ያንን ለማለፍ ሰዓታት እንደፈጀባቸው ተናገሩ። አራተኛው ጓደኛቸው ሊዩ ሊያንማን ትከሻውን መሰላል አድርጎ እንዳቆማቸው፣ ኩ ዪንሁዋም ጫማው ዓለቱን አልይዝ ቢለው አውልቆ በካልሲ እንደወጣ ገለጹ። ኩ በዚያ ሌሊት የእግር ጣቶቹን በብርድ አጥቷል፤ ይህን ደግሞ ፕሮፓጋንዳ አይሠራውም። ሲወርዱ ጎሕ ከቀደደ በኋላ የተቀረጸ ፊልም ነበራቸው። ኋላ ምስሉን ከአካባቢው አቀማመጥ ጋር ያስተያዩ ሰዎች የተነሣው ከሁለተኛው እርከን በላይ መሆኑን አረጋገጡ። በ1975 ቻይናውያኑ ተመልሰው ወጡ፤ እርከኑ ላይ የብረት መሰላል አቆሙ፣ አናቱ ላይ የመለኪያ ማማ ተከሉ። የ1960ው ጉዞ ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል።

ጥርጣሬ ሰው አይቶ ያዳላል ብዬ አምናለሁ። በቃሉ የታመነው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ክለብ አባል፣ ጥሩ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ የሚጽፍ ሰው ነው። ወርቅ ፈላጊና ኮሚኒስት ግን መረጃውን ዘርዝሮም ቢሆን ለዓመታት ደጅ ይጠናል።

«ጫፍ ጫፍ ነው፤ የደረሰ ሰው መድረሱን ማወቁ አይቀርም»

ግማሽ እውነት። ኤቨረስት ላይ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣበት የለም። በብዙ ተራሮች ላይ ግን አናቱ ሹል ቀስት አይደለም፤ ጉብታ ጉብታ ያለው ረጅም ሸንተረር ነው።

ኔፓል ውስጥ 8,163 ሜትር የሚደርሰውን ማናስሉን እንውሰድ። በ1956 የጃፓን ቡድን የወጣው ጫፍ በፎቶ ይታወቃል፤ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ከጊዜ በኋላ አስጎብኚ ድርጅቶች በብዛት ሰው ማውጣት ሲጀምሩ ገመዱ የሚታሰረው ከዚያ በፊት ባለው ጉብታ ድረስ ሆነ። ገመዱ ያለቀበት ቦታ ጫፉ ተደርጎ ተቆጠረ፤ ባንዲራና መሐረብ ተሰቀለበት፣ ፎቶ ተነሡበት፣ ሰርተፍኬት ተቀበሉበት። የቀረው ጥቂት ሜትር ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂት ሜትር ከጉዞው ሁሉ አደገኛው ነው፤ በሁለቱም በኩል ገደል ነው።

በ2021 መጸው ሚንግማ ጂ የሚባል ሸርፓ መንገድ መሪ ከደንበኞቹ ጋር ጉብታውን በታች በኩል ዞሮ እውነተኛው ጫፍ ላይ ወጣ። በዚያ ሰዓት ከታች ድሮን ያበረረ ሰው ነበር። ምስሉ ላይ ብዙ ሰው ጉብታው አጠገብ ቆሞ፣ ጥቂቶች ደግሞ ከዚያ አልፈው በገደሉ አፋፍ እየተሳቡ ይታያሉ። ለዓመታት በጽሑፍ ሲነገር ሰሚ ያጣው ነገር በአንድ ምስል ተገለጠ። የሂማላያ ጉዞዎችን የሚመዘግበው የመረጃ ቋትም ከ2022 ጀምሮ እውነተኛውን ጫፍ የረገጠን ብቻ እንደወጣ እንደሚቆጥር አስታወቀ። የቀደሙትን አልሰረዘም፤ ያኔ ሁሉም እዚያ ጋ ጫፍ ነው ብሎ ያምን ነበርና። ፍትሐዊ ውሳኔ ይመስለኛል።

ከዚህ ጋር የሚነሣው የራይንሆልድ ሜስነር ጉዳይ ነው። ሜስነር በ1986 ከስምንት ሺህ ሜትር በላይ የሆኑትን አሥራ አራቱንም ተራሮች በመውጣት የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ተመዘገበ። ኤበርሃርት ዩርጋልስኪ የተባለ ጀርመናዊ የታሪክ መዝጋቢ ለዓመታት ፎቶና የሳተላይት መረጃ ሲያመሳክር ቆይቶ ሜስነርና ሃንስ ካመርላንደር በ1985 አናፑርና ላይ የቆሙት ከጫፉ 65 ሜትር ያህል ርቀው፣ አምስት ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነው አለ። በ2023 የጊነስ መዝገብ ክብሩን ለአሜሪካዊው ኤድ ቪስተርስ አዛወረው። ቪስተርስ አልቀበልም አለ፤ የመጀመሪያው ሜስነር ነው ብሎ ተከራከረ። ቪስተርስ እኮ በዚህ ነገር ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፤ በ1993 ሺሻፓንግማ ላይ ከዋናው ጥቂት ዝቅ ያለው ማዕከላዊ ጫፍ ላይ ቆሞ ስለነበር በ2001 ለቀረችው ጥቂት ሜትር ተመልሶ ሄዷል።

ከእሱም በፊት በ1957 እነ ኸርማን ቡል በፓኪስታን ብሮድ ፒክ ላይ ደክመው የወጡበት ጫፍ ሐሰተኛ ሆኖ አገኙት፤ እውነተኛው በሸንተረሩ ጥግ ትንሽ ከፍ ብሎ ታያቸው። መሽቶባቸው ተመለሱ። ከ11 ቀን በኋላ እንደገና ወጥተው ጨረሱት። ማንም ባልጠየቃቸው!

ሆን ብሎ መቆምም አለ። በ1955 ካንቼንጁንጋን መጀመሪያ የወጡት ጆ ብራውንና ጆርጅ ባንድ ጫፉን አልረገጡም። ተራራው በሲኪም ሕዝብ ዘንድ የተቀደሰ በመሆኑ አናቱን ላለመርገጥ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ብዙ ተከታዮቻቸውም ይህን ልማድ ጠብቀዋል። እነዚህን ሰዎች «አልወጡም» የሚል አንድም ቁም ነገረኛ አልተገኘም።

«ሰርተፍኬት ከተሰጠ ጉዳዩ አልቋል»

ተረት። የኔፓል መንግሥት ሰርተፍኬት የሚሰጠው በዋናነት የጉዞ ድርጅቱና ከቡድኑ ጋር የተመደበው መኮንን በሚያቀርቡት ቃል ነው። መኮንኑ ደግሞ ቢበዛ ታችኛው ሰፈር ድረስ ይሄዳል። ከላይ የፖሊሶቹን ጉዳይ አይተናል።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሂማላያ እውነተኛ ዳኛ የነበሩት ተራራ ወጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኤሊዛቤት ሃውሊ በ1960 ካትማንዱ ገቡ፤ በ2018 በ94 ዓመታቸው እስኪያርፉ ከዚያ አልወጡም። ቡድን ከተማ ሲደርስ የትኛው ሆቴል እንዳረፈ ያውቃሉ፤ የኛ አገር ሰው አሳምሮ የሚያውቃትን ዓይነት ትንሽዬ ቮልስዋገን አስነሥተው ይደርሳሉ። ሰዎቹ ሻንጣ ሳይፈቱ ጥያቄው ይጀምራል፦ በየት በኩል ወጣችሁ? ከአናቱ ላይ ሆናችሁ በግራ በኩል ምን ታያችሁ? በረዶው ያበቃው የት ነው? ሸንተረሩ ሰፊ ነው ጠባብ? ፎቶ ከማየታቸው በፊት መንገዱን ያስቆጥሩታል። የሌሎችን መቶ ትረካ ስለሰሙ የማይገጥመውን ቶሎ ይለያሉ። ታላላቅ ተራራ ወጪዎች ከገደሉ ይልቅ የእሳቸውን ጥያቄ ይፈሩ ነበር ይባላል።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከደቡብ ኮርያ ነው። ኦ ዩን-ሱን በ2010 አናፑርናን ስትወጣ አሥራ አራቱን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ተባለች፤ የመጨረሻው ጉዞ በአገሯ ቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ጥያቄው የነበረው በ2009ኙ የካንቼንጁንጋ ጉዞ ላይ ነው። ፎቶው ላይ የቆመችው በባዶ ዓለት ላይ ነው፤ በዚያው ወቅት የወጡ ሌሎች ግን አናቱ በበረዶ ተሸፍኖ ነው ያሳዩት። አብረዋት የነበሩት ሸርፓዎችም ቃላቸው አልገጠመም። እሷ ነፋሱ ስላየለ ከጫፉ ጥቂት ሜትር ወረድ ብዬ ነው የተነሣሁት አለች። ሃውሊ በመዝገቡ ላይ «አከራካሪ» ብለው አሰፈሩ። የራሷ አገር የተራራ ፌዴሬሽን ካንቼንጁንጋን የወጡ ኮርያውያንን ሰብስቦ ከመከረ በኋላ አልደረሰችም ብሎ ደመደመ። ክብሩ በ2010 ግንቦት አሥራ አራተኛዋን ለጨረሰችው ስፔናዊት ኤዱርኔ ፓሳባን ሄደ።

«አሁንማ ጂፒኤስ አለ» የሚል አይጠፋም። ጂፒኤስ የሚናገረው መሣሪያው የት እንዳለ ነው፤ በማን ኪስ እንዳለ አይናገርም። ከፍታን ሲለካ የሚስተው ሜትርም ማናስሉ ላይ ጉብታውን ከጫፉ ከሚለየው ሊበልጥ ይችላል።

«የማሎሪ ካሜራ ቢገኝ የኤቨረስት ታሪክ ይገለበጣል»

ሊሆን ይችላል እንጂ ነው አይባልም። ጆርጅ ማሎሪና የ22 ዓመቱ አንድሩ ኧርቪን ሰኔ 8 ቀን 1924 ወደ ላይ ሲወጡ ጓደኛቸው ኖኤል ኦዴል በጉም ክፍተት ለአፍታ አያቸው፤ ከዚያ አልተመለሱም። በ1933 የበረዶ መጥረቢያ ተገኘ፣ በ1999 የማሎሪ አስከሬን ተገኘ፣ በ2024 ካልሲው ላይ ስሙ የተጠለፈበት የኧርቪን እግር ተገኘ። ይዘውት ሄዱ የሚባለው ካሜራ ግን የለም። ማሎሪ የሚስቱን ፎቶ አናቱ ላይ እተዋለሁ ብሎ ነበር፣ ኪሱ ውስጥ ስላልተገኘ ደርሷል የሚለው መከራከሪያ ልብ ይነካል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ካሜራው ቢገኝና ፊልሙ ቢታጠብ፣ አናቱ ካልታየበትም አልደረሱም ማለት አይሆንም፤ ሂላሪን ያስታውሱ። እዚህ ላይም ክብደት ያለው ጥያቄ የመንገዱ ነው፦ በ1924 ልብስና ጫማ ያንን ሁለተኛ እርከን ማለፍ ይቻል ነበር ወይ? በ2007 ኮንራድ አንከርና ሊዮ ሆልዲንግ የቻይናውያኑ መሰላል ተነሥቶላቸው ዓለቱን በእጃቸው ወጡት። ይቻላል ማለት ነው፤ ተደርጓል ማለት አይደለም።

«ሳይደርስ ደረስኩ ያለ ሁሉ አጭበርባሪ ነው»

ኤቨረስት አናት ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሲሶ ነው። እዚያ ያለ አእምሮ ይሳሳታል፤ የሌለ ጓደኛ አብሮት ሲሄድ ያያል፣ ሰዓት ይጠፋበታል፣ በጉም ውስጥ ያገኘውን ጉብታ ሁሉ ጫፍ ያደርጋል። ብዙው የተሳሳተ ወሬ የመጣው ከዚህ ነው።

ድካምና ኩራት ሲቀላቀሉ ደግሞ መሐል ሰፋሪ አለ። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ሽታንግል በ2010 ኬቱ የሚባለውን ተራራ ብቻዬን ወጣሁ ብሎ ፎቶ አወጣ። ባልደረቦቹ ሲያፋጥጡት አልደረስኩም ብሎ አመነ፤ እንደ ሰመመን ባለ ሁኔታ ውስጥ ነበርኩ፣ ውድቀትንም ፈራሁ አለ። ይህን ማመን አለማመን ለአንባቢ ነው። እኔ ቢያንስ ቃሉን ማንሣቱን እቆጥርለታለሁ፤ በዚህ ስፖርት ውስጥ እንዲህ ያደረገ ብዙ የለምና።

ያላደረገው ሰው ቼዛሬ ማይስትሪ ነው። ሴሮ ቶሬ በፓታጎንያ የሚገኝ የዓለት ምሰሶ ነው። ቁመቱ 3,128 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን እጅግ ያንሳል፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አናቱ በበረዶ እንጉዳይ የተሸፈነ፣ ማዕበል የማይለየው ነው። ጣሊያናዊው ማይስትሪ በ1959 ከኦስትሪያዊው ቶኒ ኤገር ጋር ወጣሁት አለ። ሲወርዱ የበረዶ ናዳ ኤገርን ወሰደው፤ ካሜራውም አብሮት ሄደ። ማይስትሪ ከተራራው ግርጌ በረዶ ላይ ወድቆ በሞት አፋፍ ላይ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠይቃል? ለዓመታት ማንም አልጠየቀም።

ጥርጣሬው ሲበረታ በ1970 በንዴት ተመለሰ፤ በቤንዚን የሚሠራ ኮምፕሬሰር ጎትቶ እያወጣ በዓለቱ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብረት ችንካሮች ተከለ። ኮምፕሬሰሩን እዚያው ተንጠልጥሎ ትቶት ወረደ፤ አናቱ ላይ ያለውን በረዶም አልወጣም። የበረዶ እንጉዳዩ የተራራው አካል አይደለም፣ አንድ ቀን ነፋስ ይወስደዋል አለ። ያለ ክርክር አናቱን የረገጡት በ1974 ከሌኮ ከተማ የመጡ ጣሊያናውያን ናቸው።

በ1976 ጂም ዶኒኒና ሁለት ጓደኞቹ በማይስትሪ የ1959 መንገድ ላይ አለፉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ሜትሮች ገመድ፣ ችንካርና የተተወ ዕቃ በየደረጃው አገኙ። ከዚያ በላይ አንዲት ችንካር የለችም። ማይስትሪ ከባድ ነው ያለው ክፍል ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ከታች ሆኖ የማይታይ መረማመጃ ስላለው ነው። ትረካው ተራራው ከታች ሲታይ ከሚመስለው ጋር ይገጥማል፤ ከላይ ካለው ጋር አይገጥምም። በ2005 ኤርማኖ ሳልቫቴራ፣ አሌሳንድሮ ቤልትራሚና ሮላንዶ ጋሪቦቲ ያንን አቅጣጫ ተከትለው እስከ አናቱ ወጡ። ሳልቫቴራ የማይስትሪ አገር ልጅና የቀድሞ ደጋፊው ነበር። ከእነዚያ ሦስት መቶ ሜትሮች በላይ አንዳች የማይስትሪ ምልክት አላዩም።

ማይስትሪ በመጽሐፉ ካተማቸው የ1959 ፎቶዎች አንዱ ኤገር በሴሮ ቶሬ የታችኛው ክፍል ሲወጣ ያሳያል ተብሎ ተጽፎበታል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሁሉም አየው፤ ማንም ልብ አላለውም። በ2015 ጋሪቦቲ ከዓለቱ ስንጥቅ ጋር እያመሳከረ መረመረውና ፎቶው ሴሮ ቶሬ ላይ እንዳልተነሣ አሳየ። ቦታው ፔርፊል ዴ ኢንድዮ የሚባል፣ ከተራራው በሌላ ወገን ያለ ትንሽ ጫፍ ነው። ሁለቱ ሰዎች እዚያ ሄደው እንደነበር ማይስትሪ በአንድም ትረካው አንሥቶ አያውቅም።